አንድ ሰመር ከሌፍሰ ምጣድ ጋር

ይህን የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛሁት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። አሁን መስከረም ገብቷል። በየቅዳሜው ሃያ ሃያ እንጀራ ሲሰላ ወደ 300 የሚጠጋ ጋግሬበታለሁ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ አንድም እንጀራ ጋግሬ አላውቅም። ስለዚህ የባለሙያ ቃል የምትፈልጉ ከሆነ እኔ አይደለሁም።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ እንጀራ አይጠፋም። ሱቅ ገብቶ ፓኬት አንስቶ መውጣት ነው። ግን ሰመር ላይ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ፓኬት የነበረው አራት ይሆናል። (ሰመር ልበለው ባካችሁ። ክረምት ስላት እናቴ ዝናብ ይመስላታል፤ በጋ ስላት ጥር።) ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ዘንድሮ ፈቃድ አላገኘችም። ስለዚህ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ወደሚደረገው የኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል አልሄድንም። ፌስቲቫሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ አለ፣ እኛ ብንቀር አይጎድልበትም። ለሆቴል ካስቀመጥነው ላይ ወደ 150 ዶላር ወስጄ ምጣድ ገዛሁ።

ምጣዱ ለእኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካኖች ሌፍሰ የሚባል ስስ የድንች ቂጣ ይጋግሩበታል። ክብ ነው፣ አሉሚኒየም፣ ላዩ የማያስይዝ ሽፋን አለው። ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ እስከ 500 ፋራናይት ይደርሳል። የኛ ሰው መቼ እንዳገኘው እንጃ፣ አሁን ግን ሐበሻ ቤት ገብቶ እሱን አለማየት ይከብዳል።

የአገር ቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን አልመጣም ለምትሉ፣ ነገሩ ሶኬቱ ላይ ነው። ያኛው ሸክላ ነው፤ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይበላል። የዚህ አገር ተራ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፒር ነው፤ ቢበዛ 1,800 ዋት ይሰጣል። ይህን አስቀድሜ አስልቼ በራሴ ኮርቼ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ምጣዱን ኩሽና ሰካሁት፤ በዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቩ ነበር። ብሬከሩ ወደቀ። እሱን መለስኩ፣ የጭስ አላርሙ ጮኸ። ትንሹ ልጄ ጆሮውን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጋግረው ጋራዥ ውስጥ፣ በሩን ከፍቼ ነው። ገመዱ አጭር ስለሆነ ኤክስቴንሽን ያስፈልጋል፤ ስትገዙ ወፍራሙን ግዙ። ቀጭኑ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ሞክሬዋለሁ።

ክዳን የለውም። ሌፍሰ ሳይከደን ነው የሚጋገረው፤ በረጅም ስስ እንጨት ይገለበጣል። እንጨቱን ልጄ ሰይፍ አድርጎታል። አክንባሎ የሚሆን የአሉሚኒየም ክዳን ከሐበሻ ሱቅ ለብቻው ገዛሁ። ይህን ወጪ ቀድማችሁ አስቡት።

እናቴ በቪዲዮ ስታየው አልተዋጠላትም።

«ገልብጠህ አሳየኝ። እሳቱ የት ነው?»

«ውስጡ ነው እማዬ።»

«ጎመን ዘሩስ? በምን ታሰሰዋለህ?»

«አይፈልግም፤ አያስይዝም።»

ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ ይኼ ትሪ ነው እንጂ ምጣድ ነው?»

እውነት ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ትሪ ነበር። እንጀራው ዓይን የለውም። ስታጥፉት ይሰነጠቃል። ጥፋቱን ሁሉ በምጣዱ ላይ አላከክሁ። ልመልሰው ካርቶኑን ሁሉ ፈልጌ ነበር። ያዳነኝ የጎረቤታችን የእትዬ አንድ ጥያቄ ነው። «አብሲት ጥለሃል?» አሉኝ። «ኧረ ምንም አልጣልኩም፣ ሁሉንም ነው የጋገርኩት» አልኳቸው። ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። ከሊጡ ቆንጥሮ በፈላ ውኃ አብስሎ፣ በረድ አድርጎ መመለስ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሰውዬ ግን «አያስፈልግም» ብሎ ነበር። እትዬ ከራሳቸው ቡሃቃ በማሰሮ እርሾ ሰጡኝ፤ እሱው ነው እስከ ዛሬ የሚሠራው።

ከዚያ በኋላ ምጣዱ ሰው ሆነ። ከሰማ በኋላ ሙቀቱን ይይዛል። ከዳር ወደ መሃል አዙሬ ሳፈስ ዓይኑ ከዳር ጀምሮ ይፈነዳል፤ ዓይኑ ሲያልቅ እከድናለሁ። ዳሩ ሲነሳ ሰፌዱን ሰደድ አድርጎ ማውጣት ነው። ሽፋኑ እስኪጫር ድረስ ያለ ምንም ዘይት አንዴም አልያዘብኝም። አይዳሆ የበቀለ ጤፍ ነው የምጠቀመው፤ ሩብ ያህል የገብስ ዱቄት እጨምራለሁ። ንጹሕ ጤፍ ለጀማሪ ይበጣጠሳል።

ሌላው ያልጠበቅሁት የሙቀቱ ነገር ነው። ሰኔ ላይ ሁለት ቀን ተኩል የፈጀው ሊጥ ሐምሌ ላይ በአንድ ቀን ኮመጠጠ። አንድ ዓርብ ጋራዥ ውስጥ ረስቼው ከሥራ ስመለስ ገንፍሎ የልጄን ብስክሌት ጎማ አልብሶታል። አሁን ሊጡ ኤሲ ባለበት ያድራል፣ ምጣዱ ውጭ ይሠራል። ሰው በተቃራኒው ቢሆን ይመርጣል።

ትንሹ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ሰመር ላይ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ይማር ነበር። አንድ ቅዳሜ በካቻፕ ጠርሙስ ትንሽ ሊጥ ስጠኝ አለና ምጣዱ ላይ «ነ» ጻፈ። ጥቂት ቆይቼ ሊጡን በላዩ ላይ አዞርኩ። ቀድሞ ያረፈው ሊጥ ጠቆር ስለሚል፣ እንጀራውን ገልብጠን ስናይ ጽሑፉ ጀርባው ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ግን ተገልብጧል። «አባዬ፣ ነ ዞረብኝ» አለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እኔ ልተወው ነበር። እሱ አልተወውም። ፊደሉን ወረቀት ላይ ጽፎ በመስታወት እያየ፣ የተገለበጠውን ምጣዱ ላይ መጻፍ ጀመረ። ነሐሴ ላይ የእህቱን ስም አስተካክሎ ጻፈ። እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የሚያስደስታት ነገር ጥቂት ነው። ያንን እንጀራ ግን ማንም እንዳይበላው ብላ ፍሪዘር ከተተችው። እስካሁን ከዓሣው ጎን አለ።

ሽፋኑ ላይ ያለው ጭረትም የዚሁ ጨዋታ ነው። አንዱን ፊደል ላስተካክል ብሎ በሹካ ፋቀው። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ባለቤቴ «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» አለችኝ። ተረቱ ስለ ሸክላ ነው፣ ይኼኛው አይሰበርም ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት። ጭረቱ ያለበት ቦታ አሁን ትንሽ ይይዛል። ሌላው ጉድለት የሙቀት ማስተካከያው ነው። መብራቱ ደርሷል ሲል አልደረሰም፤ አምስት ደቂቃ ጨምሩለት። ከአሥረኛው እንጀራ በኋላ ደግሞ መሃሉ ከዳሩ ይበልጥ ስለሚግል ጥቂት ማሳረፍ ይፈልጋል።

ጣዕሙ? ከሱቁ ይሻላል፣ ያውም በብዙ። ከእናቴ ሸክላ ጋር አይወዳደርም፣ የጢሱ ነገር የለማ። በገንዘብ ካየሁት ወጪውን መልሷል፤ ጊዜዬን ካሰብኩት ግን ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ሙሉ ይሄዳል። ብቻውን ለሚኖር ሰው አልመክርም። ልጆች ላሉት፣ ጋራዥ ወይም በረንዳ ላለው፣ አዎ። አፓርታማ ያለ መስኮት ከሆነ እርሱት።

ትልቁ ቅሬታዬ ስፋቱ ነው። የአገር ቤቱ ወደ 60 ሳንቲሜትር ነው፤ የዚህኛው እንጀራ ለአንድ የራበው ሰው ሁለት ያስፈልጋል። ለእንቁጣጣሽ ለእትዬ አሥር እንጀራ ወሰድንላቸው። የላይኛውን ገልብጠው አዩት። ልጄ «እንኳን» ብሎ ጽፎላቸዋል። ለ«አደረሰዎ» ቦታ አልበቃ ብሎት ሁለተኛው ላይ ነው ያለው።