ሲቆም ምን ያደርጋል? ለብርድ ወራት መስኪ የትኛውን ሉር እንግዛ

በቴነሲና በኬንታኪ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ላይ መስኪ የሚጠመደው ሰው ሁሉ ቤቱ በሚከተትባቸው ወራት ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት። በሙቀቱ ጊዜ ውኃው ከ80 ዲግሪ ፋራናይት ሲያልፍ የተያዘው ዓሣ ቢለቀቅም በድካም ሊሞት ይችላል። በዚያ ላይ እነዚህ ሐይቆች እንደ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታ አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ አይደፈኑም፣ ስለዚህ ጀልባ ያለ ችግር ይሄዳል።

መስኪን ለማያውቅ፦ ከሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል፣ ጥርሱ ምላጭ የሆነ አዳኝ ነው። የቴነሲ ክብረ ወሰን 43 ፓውንድ ከ14 አውንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሜልተን ሂል ሐይቅ የወጣ። የኬንታኪው ደግሞ በ2008 ከኬቭ ረን ሐይቅ የወጣ 47 ፓውንድ ነው፤ 21 ኪሎ ያልፋል። ጣና ላይ አምባዛ አጥምጄ አውቃለሁ የሚል ሰው እዚህ እጁን ወደ አፉ እንዳይልክ።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ሉሩ፣ ማለትም የውሸት ዓሣው፣ ሲጎተት እንዴት እንደሚዋኝ ያሳያችኋል። በብርድ ጊዜ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሲቆም ምን ያደርጋል? ምክንያቱ የመስኪ ምግብ የሆነው ሻድ የሚባለው ዓሣ ነው። ትንሹ የሻድ ዝርያ ውኃው ከ45 ዲግሪ ፋራናይት (7 ሴልሺየስ ገደማ) በታች ሲወርድ ይደነዝዛል፣ ብርዱ ሲብስበት ይሞታል። ትንሽ ይንፈራገጣል፣ ይቆማል፣ ዘንበል ይላል፣ እንደገና ይንፈራገጣል። መስኪውም ብርዱ አስንፎታልና የሚሮጥ ነገር አያሳድድም።

ይህን አኳኋን ከሁሉ አስመስሎ የሚሠራው ግላይድ የሚባለው ሉር ነው። የዘንጉን ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ወደ ግራ፣ እንደገና ሲነኩት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሲተዉት ባለበት ይንጠለጠላል ወይም በጣም በዝግታ ይሰምጣል። ፋንተምና ሄልሃውንድ የሚባሉት ግላይዶች በየሱቁ የሚገኙ ናቸው፤ በእጅ የተሠራ የእንጨት ግላይድ ግን ከ100 ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፣ ለጀማሪ አያስፈልግም። አስቸጋሪነቱ እጅ ላይ ነው፤ ከነካችሁት በኋላ ገመዱን ወዲያው ካላላላችሁለት አይዞርም፣ እንደ ግንድ ይጎተታል። ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃቱ ስለሚከብድ በመስከረም በዝግታ ይሰምጥ የነበረው ግላይድ በጥር ተንሳፍፎ ሊቀር ይችላል። ከመወርወራችሁ በፊት ከጀልባው ጎን ጣሉት፣ እዩት፤ ካልሰመጠ ሆዱ ላይ ትንሽ እርሳስ ለጥፉበት።

ቡልዶግ የሚባለው ትልቁ የጎማ ሉር ሲቆም ይሰምጣል፣ ጅራቱን እያወዛወዘ። ዓሣው ከ15 ጫማ በታች የድሮውን የወንዝ መውረጃ ይዞ ሲተኛ ከዚህ የሚሻል የለም። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ማግነም የሚሉት ባለ 12 ኢንቹ ከባድ ስለሆነ ባስ ለሚባለው አነስ ያለ ዓሣ የተሠራ ዘንግ አይችለውም፣ ጫፉን ይሰብረዋል። ጎማው ደግሞ በጥርስ ይቀደዳል፤ አንዳንዱ ዓሣ በያዘ ቁጥር በትኩስ ብረት እያቀለጠ ይጠግነዋል።

ሱዊክ ሲቆም ይነሳል። ከዊስኮንሲን የመጣ ጠፍጣፋ እንጨት ነው፣ ከኋላው የብረት ቅጠል አለው፤ ቅጠሉን በጣት ወደ ታች ሲያጥፉት ጠልቆ ይገባል። ኬቭ ረን የምትሄዱ ከሆነ እኔ የምመርጥላችሁ ይህንን ነው። እዚያ ግድቡ ሲሞላ ያልተቆረጡ ዛፎች ዛሬም ውኃው ውስጥ ቆመዋል። ቡልዶግ እዚያ መግባት ማለት መቅረት ማለት ነው። ሱዊክ ቅርንጫፍ ሲነካ ገመዱን ብታላሉለት ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። እርሳስ ያለበትን ዓይነት ግዙ፣ አነሳሱ ዝግ ይላል።

ባክቴይልስ፣ ማለትም የሚሽከረከር ብረትና የፀጉር ጅራት ያለው ሉርስ? ሲቆም ድንጋይ ነው። ኑሮው በፍጥነት ነውና ለግንቦት አቆዩት።

ሜልተን ሂል ላይ እኔ ግላይድ እይዛለሁ። ውኃው ከኖሪስ ግድብ ሥር ቀዝቅዞ ይመጣል፣ ሲጠራ ደግሞ ዓሣው ከሩቅ አይቶ ቀርቦ ይመረምራል። ዝናብ ዘንቦ ከደፈረሰ ግን ውኃውን የሚያንቀጠቅጠው የቡልዶግ ጅራት ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ የድሮ ምክር በብርድ ጊዜ እዚሁ ሐይቅ ዳር ወዳለው የቡል ረን ኃይል ማመንጫ ሙቅ ውኃ ሂዱ ይላል። ማመንጫው በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል። እኔም ይህን ሳላጣራ በአንድ ወዳጄ ምክር ሙሉ ጠዋት እዚያ ስወረውር ውያለሁ፤ ያገኘሁት ቀዝቃዛ ውኃና ቀዝቃዛ ሻይ ነው።

ሊደሩን፣ ማለትም የመስኪ ጥርስ እንዳይበጥሰው ገመዱና ሉሩ መካከል የሚገባውን ቁራጭ፣ በሉሩ ምረጡ። ለግላይድና ለሱዊክ ድርቅ ያለ ባለ አንድ ዘር ሽቦ ይሻላል፣ ሲላላ መንጠቆው ላይ አይጠመጠምም። ለቡልዶግ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ወፍራም የፕላስቲክ ገመድ ይበቃል።

ገንዘቡ ለሁለት ሉር ከደረሰ ግን ሁለተኛውን ተዉት። በምትኩ በጎማ የተለበጠ ትልቅ መረብ፣ ረጅም ፒንሳና መንጠቆ የሚቆርጥ ጠንካራ መቁረጫ ግዙ። መንጠቆውን ዓሣው መረብ ውስጥ፣ ውኃው ውስጥ እያለ አውጡለት። አየሩ ከዜሮ በታች በሆነበት ጠዋት ለፎቶ አቅፋችሁ አታቆዩት፤ ስንጥቡና ዓይኑ በደቂቃ ይጎዳሉ።