«48 በ48» ተብሎ የተሸጠልኝ አሴት ፓክ፦ ከወራት በኋላ

ይህን የጌም ግራፊክስ ፓክ ስጠቀም ወራት አልፈዋል። የፈረንጆች የመካከለኛው ዘመን መንደር ነው። ቤቶች፣ ዛፎች፣ አጥር፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ብዙ ካራክተር፣ ፈረስና በግ አለው። የሻጩን ስም አልጠራም። አብዛኛው ነገር ይሠራል። ሣሩ ሣር ይመስላል፣ ውኃው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የሚያናድደኝ አንድ ቀይ መስመር ነው።

የምሠራት ጌም ትንሽ ነች። ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ አርፒጂ ሜከር ኤምቪ በሚባል የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነው የምሠራት። ታሪኩ የሚካሄደው በድሮ የደጋ መንደር ነው፤ ጎጆ ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ በበቅሎ የሚዞር ነጋዴ። እንዲህ ያለ ፓክ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ የፈረንጅ መንደር ትገዛለህ፤ ትቆርጣለህ፣ ትቀጥላለህ፣ ቀለም ትቀይራለህ። የሣር ክዳኑን ከግንብ ቤቱ ላይ አንስተህ ሾጣጣ ታደርገዋለህ፣ ጫፉ ላይ ጉልላት ታስቀምጣለህ። ሻጩም «እንደፈለጉ ኤዲት ማድረግ ይቻላል» ብሎ ጽፏል። የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

ከካራክተሮቹ አንዷ ረጅም ቀሚስ የለበሰች የገጠር ሴት ነች። ቀሚሷን ነጭ አደረግኩት፣ ትከሻዋ ላይ ነጠላ ጣል አደረግኩላት። የቀረው ጥለቱ ነበር። በዚህ መጠን ጥለት ማለት አንድ ፒክስል፣ ማለትም አንዲት የሥዕል ነጥብ፣ ወርድ ያለው ቀይ መስመር ነው፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም። አሠመርኩና ጌሙን ከፈትኩት። የሆነ ነገር ደስ አላለኝም። ጥለቱ ከሌላው ሥዕል ጋር አልገጥም አለ፤ ሌላ ሰው መጥቶ የለጠፈው ነው የሚመስለው።

እስከ 800 ፐርሰንት ዙም ሳደርገው ጉዱ ወጣ። በሴትዮዋ ዙሪያ ያለው ጥቁር መስመር በግራ ሁለት ፒክስል ነው፣ በቀኝ አንድ። አንደኛው ዓይኗ ሁለት ፒክስል ይሰፋል፣ ሌላኛው አንድ። ሠዓሊ እንዲህ አይሥልም። ይህ ተለጥጦ የመጣ ሥዕል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤምቪ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የካርታውን አንድ ካሬ፣ ማለትም ታይሉን፣ 48 በ48 ፒክስል አደረገው። ከሱ በፊት የነበረው የዚሁ ፕሮግራም ቅጂ፣ ቪኤክስ ኤስ፣ 32 በ32 ነበር። ስለዚህ በ32 የተሣለ መዓት ነገር በየሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነበር። 32ን 48 ለማድረግ በአንድ ተኩል ታባዛለህ። ፒክስል ደግሞ ግማሽ የለውም። ሁለት የነበሩት ሦስት መሆን ስላለባቸው አንዱ እጥፍ ይሆናል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። የሴትዮዋ ዓይን የተንሸዋረረው በዚህ ነው። የተሣለው በ16 ቢሆን ኖሮ በሦስት ተባዝቶ እኩል ይለጠጥ ነበር። 24ም በሁለት ያው ነው። 32 ግን እምቢ ይላል።

«ተጫዋቹ እኮ አያየውም» ይለኛል ሻጩ፣ በሐሳቤ። ልክ ነው፣ ምንም ሳትነካው ካስቀመጥከው አያየውም። ሁሉም እኩል ስለተበላሸ ይመሳሰላል። እኔ ግን ኤዲት ላደርገው ነው የገዛሁት። አንድ ንጹሕ መስመር ስትጨምርበት ነው የሚያሳጣህ። «ታዲያ አንተም መስመርህን አወፍረዋ!» የቱ ጋ? በግራ ነው በቀኝ? «በቅናሽ እኮ ነው የሰጠሁህ።» ቅናሹን ተወው ወንድሜ። 32 ነው ብለህ ጻፍና በሙሉ ዋጋ ሽጠው፣ ዓይኔን ሳላሽ ነበር የምገዛው።

ገንዘቤ ይመለስ እንዳልል የከፈለችልኝ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ነች፣ በራሷ ካርድ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በዶላር መክፈል ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ለልደቴ ብላ የገዛችልኝን ነገር «አንድ ዓይኗ ከሌላው ይሰፋል፣ ተከራከሪልኝ» ልበላት? ለሻጩ ራሴ ጻፍኩለት። «ከኤምቪ ጋር ሙሉ በሙሉ ይሠራል» የሚል መልስ መጣ። አይሠራም ያለው ማን ነው?

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የተለጠጠውን መልሶ ማሳነስ ሆነ። ጂምፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ከ48 ወደ 32 ስትመልሰው ኢንተርፖሌሽን የሚለውን ማጥፋት አለብህ፤ አለዚያ ጎን ለጎን ያሉትን ቀለሞች ይቀላቅልብሃል። ከጠፋ ግን የተደገመው ፒክስል ይወጣና የድሮው ሥዕል ይመለሳል። ቤቶቹና ሰዎቹ በዚህ ዳኑ። የሴትዮዋ ዓይኖች እኩል ሆኑ፣ ጥለቱም ቦታውን አገኘ።

ዛፎቹ ግን አልዳኑም። እነሱ ሲለጠጡ ለስላሳ እንዲሆኑ ተብሎ ቀለማቸው ተቀላቅሏል። ጠርዛቸው ላይ አረንጓዴ ነው እንዳትል አረንጓዴ ያልሆነ፣ ባዶ ነው እንዳትል ባዶ ያልሆነ ነገር አለ። በአሥር ቀለም የሚያልቅ አንድ ዛፍ፣ ጂምፕ ሲቆጥርልኝ ከመቶ በላይ ቀለም ወጣው። ይህ በማሳነስ አይመለስም። ዛፎቹን ጣልኳቸውና ኦፕንጌምአርት ከሚባል የጌም ሥዕል ድረ ገጽ ወሰድኩ፤ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የሊበሬትድ ፒክስል ካፕ ውድድር ሥራዎች ናቸው። ነጻ ናቸው፤ ግዴታው የሠዓሊዎቹን ስም መጥቀስና ያሻሻልከውን ሥዕል በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ነው። እነዚያ በነጻ እየሰጡ 32 መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። ገንዘብ የተቀበለኝ ሰው ነው የደበቀኝ።

«32 ይዘህ 48 ላይ ምን ልታደርገው ነው?» ለሚለኝ ሻጭ መልስ አለኝ። ካራክተር የታይል መጠን ግድ አይሰጠውም። የፋይሉን ስም በዶላር ምልክት ከጀመርከው ኤምቪ ምስሉን የአንድ ሰው ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ወርዱን ለሦስት፣ ቁመቱን ለአራት ይከፍለዋል፣ ስንትም ይሁን። ቤቱስ? በ32 ሦስት ታይል የሚሰፋ ቤት 96 ፒክስል ነው። 96 ደግሞ በ48 ልክ ሁለት ታይል ነው። ሳይለጠጥ ቁጭ ይላል። ከፈረንጁ ቤት ትንሽ ማነሱ ለጎጆ ቤት እንዲያውም ያምርበታል። መሬቱንና ውኃውን ብቻ እንዳሉ ተውኳቸው፤ ጠርዛቸውን ኤምቪ ራሱ የሚገጣጥመው አውቶታይል ስለሆኑ ያለ 48 አይሠሩም፣ ሣር ላይ ደግሞ ጥለት የሚያሠምር የለም።

አሁን ፈረሱን ላመስግን። ጆሮውን በሁለት ፒክስል አስረዝሜ፣ ጋማውን ከርክሜ በቅሎ አደረግኩት። በአራቱም አቅጣጫ ሲሄድ አያነክስም፣ አይንሸራተትም፤ ሰጋር በቅሎ ነው የወጣው። ፈረሱን በዚያች ትንሽ ቦታ እንዲህ ያራመደው ሠዓሊ እጁ የተባረከ ነው። እሱና ሻጩ አንድ ሰው ከሆኑ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ሥራ በ32 ሠርቶ ለምን እንዳፈረበት ሊገባኝ አልቻለም።

ከአምስት ኮከብ ሁለት። ዛፎቹን የጣልኩ ሰሞን ብጽፈው አንድ ነበር የምሰጠው፤ ሁለተኛዋ የበቅሎው ነች። ሻጩ ያልተለጠጠውን ፋይል፣ ዛፎቹንም ጨምሮ፣ ከላከልኝ አራት አደርገዋለሁ።