ሮኬት ስላይም በድሬዳዋ፦ ከወራት ጨዋታ በኋላ

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም። ሮኬት ስላይም ያረጀ ጌም ነው። አጭር ነው፣ ቀላልም ነው። ግን ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ከቦርሳዬ አልወጣም። ስልኬ ላይ የነበሩትን ጌሞች ሁሉ አስረስቶኛል። ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ዓይናችሁን ሳታሹ ግዙት።

ለማያውቁት ትንሽ ልበል። ድራጎን ኩዌስት የሚባል የጃፓን ጌም አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ሰይፍ፣ አስማት፣ ረጅም ጉዞና ብዙ ንባብ ያለበት፣ ተራ በተራ እየተማቱ የሚጫወቱት ነው። እዚያ ውስጥ ጀማሪ ተጫዋች መጀመሪያ ከሚገጥሙት ጠላቶች አንዱ ስላይም ነው። ሰማያዊ፣ አናቱ ሾጠጥ ያለ፣ ሁሌ ፈገግ የሚል ትንሽ ፍጥረት። መልኩን የሳለው አኪራ ቶሪያማ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ከተመታ አለቀለት። ሮኬት ስላይም ላይ ግን ይሄው ደካማ ጠላት ጀግና ሆኖ የራሱ ጌም ተሰጥቶታል።

ለኒንቴንዶ ዲኤስ፣ ማለትም ባለ ሁለት ስክሪን ታጣፊ የእጅ ጌም ማሽን፣ በጃፓን በ2005፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2006 ወጣ። ታሪኩ ቶሎ ያልቃል። ፕላቲፐንክ የሚባሉ የዳክዬ አፍ ያላቸው ወንበዴዎች የስላይሞቹን ከተማ አፍርሰው 100 ነዋሪ አፍነው ይወስዳሉ። ሮኬት የሚባለው ትንሽ ስላይም እነሱን እየፈለገ ያስፈታል። በቃ ይሄው ነው።

ስላይም እጅም እግርም የለውም። የጌሙ ውበት በሙሉ ከዚህ ይጀምራል። ቁልፉን ተጭናችሁ ይዛችሁ አቅጣጫ ስትሰጡት ሰውነቱ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ስትለቁት ይወነጨፋል። ግድግዳ ካገኘ ነጥሮ ይመለሳል። ጠላት ወይም ድንጋይ ከመታ የተመታው ነገር ወደ ላይ ይነሳል፤ እናንተ ጥላውን አይታችሁ ከሥሩ ትገቡና በአናታችሁ ትቀበሉታላችሁ። እስከ 3 ዕቃ ደራርባችሁ መሸከም ትችላላችሁ። ከዚያ በየቦታው የሚያልፍ ሐዲድ አለ። የተሸከማችሁትን ጋሪው ላይ ስትወረውሩት ወደ ከተማ ይሄድላችኋል። ድንጋይ፣ ዳቦ፣ ሰይፍ፣ ቅጠል፣ ጠላትም ሳይቀር ይላካል። ነዋሪዎቹ በተመለሱ ቁጥር ደግሞ የፈረሰችው ከተማ እየተጠገነች ትሄዳለች።

ድሬ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚጫወት ሰው ሐዲዱን ዝም ብሎ አያልፈውም። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት። መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስለከበደ ታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ ድሬም እዚያው ተቆረቆረች። ለገሀር አካባቢ ላደገ ሰው ዕቃ በሐዲድ ሲገባ ከተማ ሲነሳ ማየት የተረት ነገር አይደለም። እኔ በበኩሌ ጋሪው እስኪመጣ ቆሜ መጠበቁን ራሱ ወድጄዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ገና እንግሊዝኛ ማንበብ አልጀመረም። ይህ ግን ጨዋታውን አልከለከለውም። ምን እንደሚደረግ የሚነግረው የስላይሙ ሰውነት ነው፣ ጽሑፉ አይደለም። አጠገቤ ተቀምጦ ካየ በኋላ ማሽኑን ተቀብሎኝ ወዲያው ገባበት። አሁን አስተማሪው እሱ ነው። ሁለት ዕቃ ብቻ ተሸክሜ ወደ ሐዲዱ ከሄድኩ ይቆጣል። «አቦ አጎቴ፣ ሦስተኛውን ለማን ትተህለት ነው?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ቦታ እያለ ባዶ መሄድ አያስፈልግም።

እኔን ለወራት የያዘኝ ግን የታንክ ውጊያው ነው። ስላይሞቹ ግዙፍ ታንክ አላቸው፣ ጠላቶቹም እንዲሁ። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የላይኛው ስክሪን ታንኮቹንና በመካከላቸው የሚበረውን ጥይት ያሳያል። የታችኛው ደግሞ የታንካችሁን ሆድ ነው የሚያሳየው፤ እናንተ እዚያ ውስጥ ትሯሯጣላችሁ። ጥይቱ በየጉድጓዱ ይወጣል፣ በአናታችሁ ተሸክማችሁ ወደ መድፉ ትወረውራላችሁ። መድፎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቀጥ አድርጎ ይተኩሳል፣ ሌላው ወደ ላይ አጉኖ ያወርዳል። ጥይት ከጥይት አየር ላይ ከተጋጨ ሁለቱም ይከሽፋሉ። ስለዚህ በእያንዳንዷ ሰከንድ መወሰን አለባችሁ፦ ልምታ ወይስ ልከላከል? የእኔ ልምድ ቀላል ቀላሉን ድንጋይ ለመከላከያ መተኮስ፣ ከባዱን ደግሞ የጠላት ጥይት ሲሳሳ ጠብቆ ማዝነም ነው።

ጥይቱ ከየት ይመጣል? በሐዲድ ከላካችሁት ዕቃ ነዋ! ጫካ ውስጥ ስትለቅሙት የነበረው ሁሉ እዚህ ሥራ አለው። መጀመሪያ እንደ ቀልድ የላካችሁት ዕቃ በኋላ ታንካችሁን ያድናል። የጠላት ታንክ ጉልበቱ ሲያልቅም ውጊያው አላበቃም። ዘላችሁ ገብታችሁ ሞተሩን ራሳችሁ መምታት አለባችሁ። ያቺ የመጨረሻ ሩጫ እስካሁን ልቤን ትመታዋለች። ታሪኩ ካለቀ በኋላም የታንክ ውድድሩ ስለሚቀጥል ካሴቱን አውጥቶ ለማስቀመጥ ምክንያት አይገኝም።

እንከኑንም ልናገር። ጌሙ ለአዋቂ በጣም ቀላል ነው። ከታንክ ውጭ ያሉት ጠላቶች እምብዛም አያስቸግሩም፤ አለቆቹ እንኳ አካሄዳቸው ቶሎ ይገባል። ወሬውም ይበዛል። ነዋሪዎቹ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ የተሞላ ነው፣ ቋንቋው የደረጀ ሰው ይስቅበታል፣ ልጆቹ ግን ቁልፉን እየነካኩ ያልፉታል። የታንክ ውጊያውም ቢሆን ወደ መጨረሻው ሲረዝም እጅ ያደክማል።

ስለ ማሽኑ። የእኔ ዲኤስ ላይት ነው፣ አክስቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ አብሮት የሚመጣው የአሜሪካ ቻርጀር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ መስመር 220 ነው። በቀጥታ እንዳትሰኩት። እኔ ታይዋን ገበያ ያለ ጠጋኝ ጋር ሄጄ የዩኤስቢ ገመድ ገዛሁና ከፓወር ባንክ ቻርጅ አደርጋለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር መጨነቅም ቀረ። ሌላው የወደድኩት ክዳኑ ነው። ባጃጅ ውስጥ እየተጫወታችሁ መውረጃችሁ ከደረሰ ማጠፍ ብቻ ነው፣ እዚያው ይተኛል። ስትከፍቱት ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

ፀሐይ ላይ ግን አትሞክሩት። የድሬ ፀሐይ ስክሪኑን ባዶ ያደርገዋል። እኔ የምጫወተው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ በርትቶ ሰው ሁሉ ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ሲፈልግ፣ ኒሙ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ። አቧራ ሲነሳ በጨርቅ መጠቅለልም አይረሳ።

ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር። ይህ ጌም ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ከዲኤስ በፊት ለነበረው ጌምቦይ አድቫንስ በ2003፣ ሦስተኛው ከዲኤስ በኋላ ለመጣው 3ዲኤስ በ2011 የወጡት በጃፓን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የሚገኘው መሃለኛው ብቻ ነው። የዲኤስ ካሴት በአገር አይቆለፍም፣ 3ዲኤስም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ማሽኑ ከየትም ይምጣ፣ ካሴቱ የአሜሪካው መሆኑን አረጋግጡ።

አንድ ያልሞከርኩት ነገር ቀርቶኛል። ሁለት ሰው ሁለት ማሽን ይዞ፣ ያለ ገመድ፣ ታንክ ለታንክ መጋጠም ይችላል። እስካሁን በሰፈሬ ይህን ካሴት የያዘ ሰው አላገኘሁም። ሳቢያንም ሁን ከዚራ፣ ሐረርም ብትሆን፣ ካለህ ና። ታንኬ ተጭኖ ተዘጋጅቷል፤ የእህቴ ልጅም ጥይት መራጭ እሱ እንዲሆን ከወዲሁ ተስማምተናል።