«ዳታሽ አይነካም» ብሎ ታብሌቴን ባዶ አደረገው

ታብሌታችሁ ሎጎ ላይ ቆሞ ከቀረና ጠጋኙ «ፍላሽ ይፈልጋል» (ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው) ካላችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ትናንት ተበልቻለሁ። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ቦታው መገናኛ ነው። እነዚያን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱን ባንኮኒ ለሦስት ተካፍለው፣ መስታወቱ ላይ «ሶፍትዌር፣ ፍላሽ፣ ጎግል አካውንት ማንሳት» ብለው የለጠፉት። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም ነገ በሌላ ስም ይከፍታል።

የሐበሻ ልብስ ነው የምሠራው። የደንበኞቼ ልኬት፣ የጥለት ፎቶዎቼ፣ ማን ስንት ቀብድ እንደከፈለ ሳይቀር እዚያ ሳምሰንግ ላይ ነበር። ስለዚህ ገና ከእጄ ሳይወጣ «ዳታው የሚጠፋ ከሆነ ይቅርብኝ» አልኩት። «አይነካም የኔ እናት፣ ሲስተሙን ብቻ ነው የምንጭነው» አለኝ። ይሄ እኮ ይቻላል። ያበገነኝም እሱ ነው።

ታብሌቱን ሲስተም ከኮምፒውተር ወደሚቀበልበት «ዳውንሎድ ሞድ» አስገብቶ በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ሳምሰንግ ላይ ሲስተም የሚጫንበትን ኦዲን የሚባለውን ፕሮግራም ከፈተ። ፋይል የሚገባባቸው ሳጥኖች አሉት፦ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ፣ ሲኤስሲ። ጣጣው ያለው ሲኤስሲ ላይ ነው። ለእሱ ከሶፍትዌሩ ጋር ሁለት ፋይል አብሮ ይመጣል። ስሙ «ሆም» ብሎ የሚጀምረው ዳታችሁን ሳይነካ ያልፋል። ሌላኛው ጠራርጎ ያጠፋዋል። ይህን ማታ የእህቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ።

በሰዓቱ ግን ስክሪኑን እያየሁ ነበር። ሁለቱ ፋይሎች ከላይና ከታች ተደርድረዋል። የማውሱ ቀስት «ሆም» የሚለው ላይ ሄዶ ቆመ። በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። በትከሻውና በጆሮው መሃል ሸጉጦ እየሳቀ ማውራት ጀመረ። ቀስቱ አንድ መስመር ወደ ላይ ወጣና ያኛውን ተጫነ። «ቅድም ይሄኛው ላይ አልነበርክ?» አልኩት። ዝንብ እንደሚያባርር እጁን አወናጨፈብኝና ስታርትን ነካ።

ሲጨርስ ፕሮግራሙ ላይ በአረንጓዴ «ፓስ» (ተሳክቷል) የሚል ወጣ። ታብሌቱ ተነሳ። ቋንቋ ምረጪ አለኝ፣ ዛሬ ከካርቶን የወጣ ይመስል።

«ዳታዬስ?» ስለው ስልኩን እንኳ አልዘጋም። «ባክአፕ የለሽም እንዴ?» አለኝ። ቀጥሎ አጠገቡ ወዳለው ልጅ ዞሮ «ሁሉም እዚህ ሲደርሱ ነው ዳታ ትዝ የሚላቸው» አለው። ተሳሳቁ። እኔ እዚያው ፊታቸው ቆሜያለሁ!

በዚህ አላበቃም። ታብሌቱ የድሮውን ጎግል አካውንት ጠየቀ። ፓስወርዱን በቃሌ አላውቀውም። «እሱን ማንሳት ሌላ ሥራ ነው፣ 800 ጨምሪ» አለኝ። ራሱ ዘግቶ የመክፈቻ ሊያስከፍለኝ። ለፍላሹ 1,500 ብር ቀድሜ ከፍያለሁ፤ ቤሳ አልመለሰልኝም። «ታብሌቱ ተነስቷል አይደል?» ነው መልሱ።

ልወጣ ስል ደግሞ «ዳታ ሪከቨሪም እንሠራለን» አለ፣ የጠፋውን ሊመልስልኝ በ3,000። ጎበዝ፣ ይሄ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው። የአሁን ዘመን አንድሮይድ ዳታውን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ሲጠረግ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ከታብሌቱ ላይ ምን ሊያወጣልኝ ነው?

ለማንኛውም፣ ሲኤስሲው ላይ ሲደርስ «ሆም የሚለውን» በሉትና ስታርት ሳይጫን በዓይናችሁ አረጋግጡ። በሆም ሁሌም ይስተካከላል ማለት አይደለም። ካልሠራ ግን ሌላኛውን ከመሞከሩ በፊት እናንተን መጠየቅ አለበት። እምቢ ካለ ሳይጀምር ኬብሉን አስነቅሉት። ከጀመረ በኋላ አትንኩት፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ታብሌቱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። የጎግል ፓስወርዳችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ለፋሲካ ልብስ ያዘዛችሁኝ ደግሞ ይህን ካያችሁ ልኬታችሁን በቴሌግራም እንደገና ላኩልኝ። ቀብድ የከፈላችሁበትን የባንክ ደረሰኝም ጨምሩበት።