ማዳበሪያና አረም ማጥፊያ በአንድ ከረጢት፦ ውሻና ድመት ላለበት ቤት ይሆናል?

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ለሣሩ ከሆነ ቃሉን ጠብቋል። ቅጠለ ሰፊዎቹ አረሞች ተጠማዝዘው ደረቁ፤ ሣሩም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ። ሁለቱን ኮከብ የነሳሁት ስለ ቦቢና ስለ ድመቷ ብዬ ነው። ቦቢ ሣር ላይ ሲንከባለል የሚውል፣ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚቀምስ ውሻ ነው። ድመቷ ደግሞ ከውጭ ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ መዳፏን መላስ ነው።

ምርቱ ማዳበሪያና አረም ማጥፊያ ተቀላቅለው በደቃቅ እንክብል የቀረቡበት ነው። ከረጢቱ ፊት ለፊት ሣር ላይ የተጋደመ ውሻ ፎቶ አለ። ከሥሩ “በመመሪያው መሠረት ከተጠቀሙበት ለቤት እንስሳት አያሰጋም” ይላል። ነገሩ ሁሉ ያለው “በመመሪያው መሠረት” የምትለዋ ላይ ነው። መመሪያው ደግሞ ከጀርባ፣ ዓይን በሚያደክም ፊደል ተጽፏል።

እንዲህ ይላል፦ ሣሩ እርጥብ ሳለ በትኑት፤ ከዚያ ለ24 ሰዓት ውሃ አታጠጡ። ምክንያት አለው። አረም ማጥፊያው 2፣4-ዲ የሚባለው ነው፤ የሚሠራውም ቅጠል ላይ ተጣብቆ ሲቆይ ነው። ማዳበሪያው ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ውሃ አግኝቶ ወደ ሥር መውረድ አለበት። ለእንስሳትም የሚበጀው ይሄኛው ነው። እንክብሉ ሟሙቶ አፈር ከገባና ሣሩ ከደረቀ፣ መዳፍ ላይ የሚጣበቅ ብዙ ነገር አይኖርም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርጓቸው ግን ኬሚካሉ እርጥብ ሣር ላይ ቀን ከሌሊት ይቆያል። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። የውሻ ኩላሊት 2፣4-ዲን ከሰውነት የሚያስወጣው በዝግታ ነው። ብዙ የዋጠ ውሻ ያስመልሰዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ይደክማል፣ ጡንቻው ይገተራል።

ስለዚህ ግቢውን ዘጋሁት። ድመቷ በር ላይ እየጮኸች ውስጥ ዋለች፤ ቦቢን በማሰሪያ ሌላ ቦታ አንሸራሸርኩት። ሲሚንቶው ላይ የተንጠባጠበውን እንክብል ጠርጌ ወደ ሣሩ መለስኩ። እዚያ ከቀረ ቶሎ አይሟሟም፣ ለሚቀምስ ውሻም የተዘጋጀ ምግብ ነው። ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ። ሰዓቱ ሲደርስ በደንብ አጠጣሁ፤ ሣሩ እስኪደርቅ ጠብቄ ለቀቅኳቸው። ሁለቱም ደህና ናቸው።

እንስሳ ለሌለው ሰው ይህን ምርት ያለ ስጋት እመክራለሁ። እንስሳ ላለው ግን ለየብቻ መግዛት ይሻላል። ማዳበሪያውን ብቻ በትኖ ወዲያው ማጠጣት፤ አረሙን ደግሞ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ አረሙ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ በፈሳሽ መርጨትና እስኪደርቅ መጠበቅ። ጥቂት ከሆነማ በእጅ መንቀል ነው።

“የተፈጥሮ ነው” የሚለውም አያዘናጋችሁ። ከአጥንትና ከደም ዱቄት የሚሠራ ማዳበሪያ ለውሻ አፍንጫ ሥጋ ነው። በብዛት ከበላው ያስመልሰዋል፤ የአጥንቱ ዱቄት ሆዱ ውስጥ ተጋግሮ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን የቀንድ አውጣ ማጥፊያ መርዝን ነው። ሜታልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት መርዝ ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ሊገድልም ይችላል፤ ብሪታንያ በ2022 ከቤት ውጭ እንዳይሠራበት ከልክላለች። የግድ ካስፈለጋችሁ አይረን ፎስፌት ከሚባለው የብረት ውህድ የተሠራውን ፈልጉ። እሱም ቢሆን ከረጢቱ ውሻ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ሌላው የማልወድለት ማሸጊያውን ነው። አንዴ ከተቀደደ መልሶ አይዘጋም። የተረፈውን ክዳኑ ጠበቅ ወዳለ ባልዲ ገልብጬ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከረጢቱን ግን አልጣልኩም። ኬሚካሉ የእንስሳውን መዳፍ ብቻ ከነካ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ነው። ከዋጠ ግን በራሳችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ከረጢቱን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። የሚጠየቀው የኬሚካሉ ስም፣ ምን ያህል እንደዋጠና መቼ እንደሆነ ነው። እኔ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ።