ጥቁር ዋልነት ለብርዱ ወራት፦ ከነቅርፊቱ ይቀመጥ ወይስ ተፈልፍሎ?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ጥቁር ዋልነት ይረግፋል። የቴኒስ ኳስ የሚያክል አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ከአረንጓዴው ልጣጭ ሥር ጠንካራ ቅርፊት፣ በቅርፊቱም ውስጥ የሚበላው ፍሬ አለ። ብዙ ሰው ረግጦት ያልፋል፤ እኔን ያሳዝነኛል።

በየትኛውም መንገድ ብታስቀምጡት መጀመሪያ አረንጓዴው ልጣጭ ቶሎ መውለቅ አለበት። ጓንት እንዳትረሱ! ጭማቂው እጅ ያጠቁራል፣ በሳሙናም አይለቅም። ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የሚንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ወይም የተበላሸ ስለሆነ ይጣላል። የቀረው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይደርቃል። አንዱን ሰብራችሁ ውስጡ ቀጭ ካለ ደርሷል።

ከነቅርፊቱ ከሆነ ሥራው እዚህ አለቀ። በመረብ ከረጢት ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ስቀሉት፤ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል። ፍሪዘር ስለማይፈልግ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም። አይጥ ብቻ እንዳይደርስበት።

የተፈለፈለው ግን ስስ ነው። ዘይቱ አየር ሲያገኘው ሽታው ይለወጣል፣ ይመርራል። አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪዘር ከገባ ግን ከዓመት በላይም ጣዕሙን አይለቅም። ፈተናው መስበሩ ነው። ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ተራው የዋልነት መስበሪያ አይችለውም፣ መዶሻ ይፈልጋል። አንድ ስኒ ፍሬ ለማውጣት ምሽቱ ያልቃል።

እኔ አብዛኛውን ከነቅርፊቱ ነው የማስቀምጠው። ፍሪዘር የሚገባው ለኬክ የምፈልገው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሌላውን እሑድ ቡና እስኪፈላ እየሰበርን ከቆሎው ጋር እንቀላቅለዋለን።