የአንጎል ሞገድ የሚከታተል የስትሮክ ማገገሚያ መሣሪያ፦ ድሬዳዋ ላይ ሦስት ወር ከተጠቀምንበት በኋላ

አባቴ ሐረር፣ መኪና ግርግር ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልብስ ሰፍተዋል። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ስትሮክ ግራ አንጎላቸውን ሲጎዳው ቀኝ እጃቸው እንደተጨበጠ ቀረ፤ የሚነገራቸውን ቢረዱም ንግግራቸው ከጥቂት ቃላት አያልፍም። አሁን ድሬዳዋ ሳቢያን ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ወንድሜ ይህን መሣሪያ ከውጭ ያመጣልን በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ድረስ ከሚመጣው ፊዚዮቴራፒስት ሌላ አጋዥ ባልነበረን ጊዜ ነው።

ዕቃው የአንጎልን ሞገድ ከራስ ቅል ላይ የሚለኩ ስምንት ኤሌክትሮዶች ያሉት ኮፍያ፣ እጅ ላይ ታስሮ ጣቶችን በሞተር የሚከፍትና የሚዘጋ ማሰሪያ፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያገናኝ የላፕቶፕ ፕሮግራም አለው። ሰው እጁን አሳርፎ ሲቀመጥ፣ እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ክፍል አካባቢ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ይታያል፤ እጁን ለማንቀሳቀስ ሲሞክር ወይም እንቅስቃሴውን በሐሳቡ ሲሥል ሞገዱ ይዳከማል። መሣሪያው ያንን መዳከም ጠብቆ ጣቶቹን ይከፍታል። ሐሳቡና የእጁ መከፈት በአንድ ቅጽበት ደጋግመው ሲገጥሙ፣ ከጉዳቱ የተረፈው የአንጎል ክፍል ሥራውን መልሶ እንዲማር ይታገዛል ተብሎ ይታመናል። በተቀራራቢ መርህ የሚሠራው ኢፕሲሃንድ የተባለ ሌላ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው፣ ስትሮክ ከመታቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ለሆናቸው አዋቂዎች በመሆኑ፣ ለአባቴም ጊዜው አልረፈደም ብለን ጀመርን።

የድሬ ሙቀት ግን በመመሪያው ላይ አልተጻፈም። ላብ ከኤሌክትሮዱ ሥር ሲገባ በላፕቶፑ ማያ ላይ ሞገዱን የሚያሳየው መስመር ከፍና ዝቅ እያለ ይዋዥቃል፤ ቬንትሌተሩን ስንከፍት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የመብራቱ ሞገድ (50 ሄርዝ) ይገባበታል። አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ምልክቱ ከወትሮው ሁሉ ጠርቶ ስላየነው፣ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ቻርጀሩን ነቅለን ነው የምንሠራው።

ከዚህ የከፋው ችግር ሳይታወቀን ሁለት ሳምንት አለፈ። አባቴ በየቀኑ ከፕሮግራሙ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ ስለነበር ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ግን ፊታቸውን ልብ ብሎ ሲያይ፣ እጁ በተከፈተ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሱ እንደነበር አስተዋለ። ከራስ ቅል ላይ የሚለካው የአንጎል ምልክት በማይክሮቮልት የሚቆጠር ደካማ ነገር በመሆኑ የመንጋጋ ጡንቻ የሚያመነጨው ምልክት በቀላሉ ይውጠዋል። ፕሮግራሙ ይህን ለይቶ ማስጠንቀቅ ነበረበት፤ ለበሽተኛ የሚሸጥ ዕቃ ልፋትን በሐሰት ነጥብ መሸለሙን እንደ ቀላል ጉድለት አላየውም።

የእንግሊዝኛውን የድምፅ ትእዛዝ ዘግተን እኔው በአማርኛ መናገር ጀመርኩ። «እጅህን ክፈት» ስላቸው በማያው ላይ ያለው መስመር አይነቃነቅም ነበር። አንድ ቀን አሮጌውን መቀሳቸውን ፊት ለፊታቸው አስቀምጬ «አባ፣ ጨርቁ ተዘርግቷል፤ መቀሱን ክፈተው» አልኳቸው። ጥርሳቸውን ሳይነክሱ፣ ትከሻቸውም ሳይነሳ ሞገዱ ወረደ፤ ማሰሪያው ጣቶቻቸውን ከፈተ። አባቴ እጃቸውን ብዙ ቆይተው አዩት፤ ከዚያም «እኔ ነኝ» አሉ። ምን ያህል እየጣሩ እንደነበር በአፋቸው ሊነግሩን ያልቻሉትን ያን ዕለት በዓይናችን አየነው፤ ለእኔ የዕቃው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ቀኝ እጃቸው ጨርቅ ወጥሮ ይይዛል፤ በግራቸው በጠመኔ ያሰምራሉ። መቀሱን ገና መጨበጥ አልቻሉም። ፊዚዮቴራፒው አንድም ሳምንት ስላልተቋረጠ፣ ከለውጡ የትኛው የመሣሪያው፣ የትኛው የባለሙያው እጅ እንደሆነ ለይቼ ልናገር አልችልም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለባለሙያውና ለደም ግፊት መድኃኒቱ እንዲውል እመክራለሁ። ሁለቱ ተሟልተውለት፣ የሚነገረውን የሚረዳ በሽተኛና በየጠዋቱ ኮፍያውን ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ የሚታገስ ሰው ያለበት ቤት ግን ቢሞክረው አይቆጨውም። የኤሌክትሮዱ ጄል እዚህ ስለማይገኝ አስቀድሞ ብዙ ማስመጣት ያስፈልጋል፤ እኛ የቀረን አንድ ቱቦ ተኩል ነው፤ ወንድሜ ለጥምቀት ሲመጣ ሌላ ይዞልን ይመጣል።